የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ለማን ነው? «ጉንፋን» የሚለው ቃል የሸፈነው ልዩነት

በኅዳር ማለዳ ከየካ አባዶ ወደ መገናኛ በሚሄድ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው የሚያየው ነገር ከቀን ቀን ብዙም አይለይም። መስኮቶቹ በሙሉ ተዘግተዋል፤ መስተዋቱ በተሳፋሪው ትንፋሽ ላብ አውጥቷል፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንድ አባት በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ያስላሉ። መሐል ላይ ያለች ወጣት መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ገርበብ ስታደርገው ሦስት ሰው በአንድ አፍ «ዝጊው እንጂ እህት፣ ብርድ ልታስመቺን ነው?» ይላታል። መስኮቱ ይዘጋል፤ ሳሉ ይቀጥላል፤ ያን ሁሉ መንገድ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የተጓዙት ሰዎችም መገናኛ ሲደርሱ ወርደው ወደየሥራቸው ይበተናሉ።

ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ «ጉንፋን ያዘኝ» ይላል፤ ሌላው አፍንጫው ብቻ ሲፈስስ እሱም «ጉንፋን ያዘኝ» ይላል። አማርኛችን ለሁለቱም የሰጠው ስም አንድ ነው። ብርዱ በጠና ቁጥር «ለጉንፋን ክትባት አለው ይባላል፤ እውነት ነው? ማንስ ነው የሚከተበው?» የሚለው ጥያቄ ይነሳል፤ ግራ መጋባቱም አብዛኛው ከዚህ ከአንድ ቃል የሚመነጭ ስለሆነ ማብራሪያው ከዚያው ቢጀምር ይሻላል።

ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። በተለምዶ ጉንፋን የምንለውን፣ አፍንጫ የሚያፈስሰውን፣ የሚያስነጥሰውንና ጉሮሮ የሚከረክረውን ሕመም የሚያመጡት ቫይረሶች ከ200 በላይ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ መካከል በብዛት የሚገኘው ራይኖቫይረስ የሚባለው ነው። ኢንፍሉዌንዛ ግን ራሱን የቻለ ሌላ የቫይረስ ወገን ነው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ ተብለው የሚጠሩ አራት ዓይነቶች ያሉት ሲሆን፣ በየዓመቱ እየተመላለሱ ሰውን በብዛት የሚያጠቁት ኤ እና ቢ ናቸው። ክትባቱም የሚሠራው ለእነዚህ ለሁለቱ ብቻ ነው፤ ከ200 በላይ ለሆኑት ለሌሎቹ የሚፈይደው ነገር የለም።

ሁለቱ ሕመሞች በአጀማመራቸውም ይለያያሉ። ተራው ጉንፋን ቀስ እያለ ይመጣል፤ ዛሬ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ነገ አፍንጫ ይፈስሳል፣ ሰውየውም እያስነጠሰ ሥራውን ይሠራል። ኢንፍሉዌንዛ ግን ድንገት ይጥላል፤ ታማሚው ብዙ ጊዜ የጀመረበትን ሰዓት ሳይቀር ያስታውሳል፦ «ምሳ ስበላ ደኅና ነበርኩ፤ አሥር ሰዓት ላይ ብርድ ብርድ አለኝ፤ ማታ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ»። ከፍተኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ደረቅ ሳልና መላ አካልን የሚሰባብር ቁርጥማት ይከተላል። ምልክቱ የሚታየው ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ትኩሳቱ በአብዛኛው በሳምንት ውስጥ ቢበርድም ሳሉና ድካሙ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። አንዳንዱ ቤት ይህንኑ ድንገተኛ ትኩሳት «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ አሽቶ ያጠጣል። ምልክቶቹ ስለሚደራረቡ ያለ ላቦራቶሪ ምርመራ ይህ ኢንፍሉዌንዛ ነው፣ ያኛው አይደለም ብሎ በእርግጠኝነት መናገር ለሐኪምም ቢሆን አይቻልም።

«ብርድ መታኝ» ስለሚባለውም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ብርድ ብቻውን ኢንፍሉዌንዛ አያመጣም፤ ቫይረሱ ከሌለ ሕመሙ የለም። ይሁንና ቫይረሱ በቀዝቃዛና ደረቅ አየር ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ሰዉም ብርድ ሲሸሽ በር ዘግቶ፣ መስኮት ዘግቶ፣ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። ስለዚህ በዚያ ሚኒባስ ውስጥ ትክክል የነበረችው መስኮቱን የከፈተችው ወጣት ናት።

አንድ ሳምንት አስተኝቶ የሚለቅ ሕመም ክትባት ምን ያስፈልገዋል?

ጤናማ ለሆነ ወጣት በእርግጥም ብዙ ጊዜ አንድ ክፉ ሳምንት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ በየዓመቱ 1 ቢሊዮን ያህል ሰው በወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ ይያዛል፤ ከእነዚህም ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን የሚሆኑት በጽኑ ይታመማሉ፤ ከ290,000 እስከ 650,000 የሚደርሱት ደግሞ ከመተንፈሻ አካል ጋር በተያያዘ ችግር ይሞታሉ። ከተያዙት ጋር ሲነጻጸር የሟቾቹ ቁጥር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሞቱ በሁሉም ላይ እኩል አይደለም፣ በተወሰኑ ሰዎች ላይ ይበረታል። የክትባቱ ጉዳይ የተመሠረተውም በዚህ ላይ ነው።

ቫይረሱ የሚገድለው በሦስት ዋና መንገዶች ነው። አንደኛው ራሱ ወደ ሳንባ ወርዶ የሳንባ ምች ማስከተሉ ነው። ሁለተኛው የመተንፈሻ ቱቦውን ሽፋን አቁስሎ ለባክቴሪያ በሩን መክፈቱ ነው፤ ትኩሳቱ ከበረደለትና ከተሻለው በኋላ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን እንደገና የሚያገረሽበት ሰው ብዙ ጊዜ የገጠመው ይህ ነው። ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የማይገምተው፣ ቀድሞ የነበረውን በሽታ ማባባሱ ነው። በካናዳ የኦንታሪዮ ግዛት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ኢንፍሉዌንዛ በምርመራ ከተረጋገጠ በኋላ ባሉት 7 ቀናት በድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ሆስፒታል የመግባት ዕድል ከሌላው ጊዜ 6 እጥፍ ገደማ እንደሚሆን አሳይቷል። እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ለቅሶ ቤት የሚነገረው «ልቡ ነው» ተብሎ ነው፤ ከሳምንት በፊት የያዘውን ጉንፋን የሚያነሳ አይኖርም።

አዲስ አበባ ይህን ቫይረስ በክፉ ታውቀዋለች። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር የበረታውና አባቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ያሉት መቅሰፍት በዓለም ዙሪያ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ገደለ የሚገመተው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነበር። በወቅቱ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን እንኳ ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። ኅዳር 12 ቀን በየሠፈሩ ቆሻሻ እየተሰበሰበ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ ከዚያ ዘመን ትዝታ ጋር የተያያዘ ነው። ግቢን ማጽዳቱ መልካም ነው፤ ጭሱ ግን ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ የሚተላለፈውን ቫይረስ አያጠፋም፣ አስም ላለበት ጎረቤትም ሌላ መከራ ነው።

ክትባቱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን ያደርጋል?

በአንድ ኮንዶሚኒየም ግቢ በር ላይ ሌሊት የሚቆሙ ጥበቃ እናስብ። እኚህ ጥበቃ ሌባውን በመልኩ አያውቁትም፤ የሚያውቁት በለበሰው ካፖርት ነው። ካፖርቱን አይተውት የማያውቁ ከሆነ ሌባው ሰተት ብሎ ገብቶ ሁለት ሦስት ቤት ከዘረፈ በኋላ ነው የሚነቁት። ካፖርቱን አስቀድመው ካዩት ግን ገና ከበሩ ላይ ፊሽካ ይነፋሉ።

የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ካፖርት የተሠራው ከሁለት ፕሮቲኖች ነው። አንዱ ሄማግሉቲኒን ይባላል፤ ቫይረሱ የሰውነታችንን ሕዋስ ከፍቶ የሚገባበት ቁልፍ ነው። ሌላው ኒውራሚኒዴዝ ይባላል፤ ቫይረሱ ከተባዛ በኋላ ከሕዋሱ ተላቅቆ የሚወጣበት መቀስ ነው። በዜና «ኤች1ኤን1» ወይም «ኤች3ኤን2» ሲባል የምንሰማው የእነዚህ የሁለቱ የመጀመሪያ ፊደላትና ተራ ቁጥራቸው ነው።

በክንድ ጡንቻ ላይ የሚወጋው የተለመደው ክትባት የያዘው የተገደለና የተበጣጠሰ ቫይረስ ወይም ይኸው የካፖርቱ ፕሮቲን ብቻ ነው። ሌባው ሳይኖርበት ካፖርቱን ብቻ አምጥቶ ለጥበቃው ማሳየት ማለት ነው። ሰውነት ካፖርቱን አይቶ ፀረ እንግዳ አካል የሚባሉትን ተከላካዮች ያዘጋጃል፤ ይህም ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። በዚህ መሐል የተያዘ ሰው ክትባቱን ቢኮንን አይፈረድበትም፤ ዳሩ ግን ጥበቃው ገና ትምህርት ላይ ነበሩ። በአፍንጫ የሚነፋ፣ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ያለበት ሌላ ዓይነት ክትባትም በአንዳንድ አገሮች ይሰጣል፤ እርሱ ግን ለነፍሰ ጡርና የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ ሰው አይሆንም።

አንዴ ከተከተብኩ አይበቃኝም? ለምን በየዓመቱ?

የኩፍኝ ክትባት በልጅነት ተሰጥቶ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ የኩፍኝ ቫይረስ ካፖርቱን አይቀይርምና። ኢንፍሉዌንዛ ግን ልብስ የማይበረክትለት ፍጥረት ነው። በተባዛ ቁጥር ስህተት ይሠራል፤ ዘንድሮ አንድ ቁልፍ ይቀየራል፣ ለከርሞ ኮሌታው ይጠብባል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጥበቃው «ይኼንን ሰው አውቀዋለሁ?» እያሉ ያመነታሉ። አልፎ አልፎ ደግሞ ከወፎች ወይም ከአሳማ ቫይረስ ጋር ተደባልቆ ጭራሽ ታይቶ የማይታወቅ ካፖርት ለብሶ ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ዓለምን ያዳረሰው ኤች1ኤን1 እንዲህ ያለ ነበር። በዚህ ላይ ከክትባት የተገኘው መከላከያ ራሱ በወራት ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል።

ስለዚህ ካፖርቱን የሚከታተል መረብ ተዘርግቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ በሚመራው የክትትል ሥርዓት ከ100 በላይ አገሮች ያሉ ላቦራቶሪዎች ከታማሚዎች አፍንጫና ጉሮሮ ናሙና እየወሰዱ ይመረምራሉ፤ በአገራችን ይህን የሚሠራው በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያለው የኢንፍሉዌንዛ ላቦራቶሪ ነው። ባለሙያዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ተሰብስበው ቀጣዩ ክትባት የትኞቹን ዝርያዎች እንደሚይዝ ይወስናሉ፤ በየካቲት ግድም ለሰሜኑ የምድር ክፍል፣ በመስከረም ግድም ለደቡቡ። ውሳኔው ከወረርሽኙ ወቅት ስድስት ወር ያህል ቀድሞ የሚወሰነው ክትባቱን ለማምረት ጊዜ ስለሚወስድ ነው፤ አብዛኛው ክትባት እስከ ዛሬም ድረስ ቫይረሱን በዶሮ እንቁላል ውስጥ በማራባት ነው የሚሠራው። ስድስት ወር ቀድሞ የተገመተው ካፖርት አንዳንዴ ከሚመጣው ጋር በደንብ ይገጥማል፣ አንዳንዴ ደግሞ አይገጥምም።

በቅርቡ አንድ ለውጥ ተደርጓል። ቀደም ሲል አራት ዝርያ የያዘ ክትባት ከሦስቱ ይሻላል ይባል ነበር። ይሁንና ያማጋታ የሚባለው የቢ ዝርያ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2020 በኋላ መኖሩ ስላልተረጋገጠ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2023 ማብቂያ ጀምሮ ሦስት ዝርያ የያዘው እንዲበቃ መክሯል። እናም «ሦስት ብቻ ነው ያለው» የሚል ባለሙያ ቢያጋጥም ያረጀ ዕቃ ሊሸጥ ነው ተብሎ ሊጠረጠር አይገባም።

ልጄ በጤና ጣቢያ ክትባቱን ጨርሷል፤ በካርዱ ላይም «ኢንፍሉዌንዛ» የሚል አለ። ይህስ?

ይህ ጥያቄ ብልህ ጥያቄ ነው፤ ያሳሳተውም ወላጁ ሳይሆን የሳይንስ ታሪክ ነው። ሕፃናት ከ45 ቀናቸው ጀምሮ ሦስት ጊዜ የሚወስዱት አምስት በአንድ የሆነው ክትባት ከሚከላከላቸው ነገሮች አንዱ ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ቢ ይባላል። ይህ ግን ቫይረስ ሳይሆን ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ሪቻርድ ፋይፈር የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ በኢንፍሉዌንዛ ታማሚዎች ውስጥ አግኝቶት የበሽታው መንስኤ መስሎት ነበር፤ ትክክለኛው የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1933 ሲገኝ ስሕተቱ ተለየ፣ ስሙ ግን እንደ ተለጠፈ ቀረ። ባክቴሪያው በሕፃናት ላይ የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ስለሚያስከትል ያ ክትባት እጅግ አስፈላጊ ነው፤ ከዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ጋር ግን የስም እንጂ የሥጋ ዝምድና የለውም። የወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ ክትባት በኢትዮጵያ መደበኛ የክትባት ፕሮግራም ውስጥ አልተካተተም።

እንግዲያስ ማን ይከተብ?

አገሮች በዚህ ላይ አንድ ዓይነት አቋም የላቸውም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 ስድስት ወር የሞላው ሰው ሁሉ በየዓመቱ እንዲከተብ መምከር ጀምራ ነበር። ክትባቱ በበቂ መጠን በማይገኝበት አገር ግን ጥያቄው «ማን ቢከተብ ይጠቀማል?» ሳይሆን «ማን ይቅደም?» ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ቅድሚያ የሚሰጣቸውን ሰዎች ለይቶ አስቀምጧል።

በእኛ ብሎክ ምድር ቤት የሚኖሩ፣ ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው እናት አሉ። ስኳር አለባቸው፤ ዕድሜያቸውም ከሰባ አልፏል። ስለ ክትባቱ ሳነሳባቸው «ልጄ፣ ለጉንፋን ደግሞ መርፌ ምን ያደርግልኛል? ዝንጅብሉን አፍልቼ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ወቅጬ፣ ማር ጣል አድርጌበት እጠጣለሁ፤ በጥቅምት አንድ አጥንት ካገኘሁማ ማን ይነካኛል!» አሉኝ። ዝንጅብልና ማሩ ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ትኩስ ነገር መጠጣቱም ጥሩ ነው፤ መረቁንም ማንም አይጠላውም። ይሁን እንጂ ክትባቱ ከማንም በፊት የሚያስፈልገው እንደ እሳቸው ላለ ሰው ነው፤ ዕድሜውም ስኳሩም በአንድነት ተደምረውባቸዋልና። በዕድሜ የገፋ ሰው ሰውነት ፈጥኖ አይነቃም፤ ስኳር ያለበት ሰው በሽታን የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል፤ በትኩሳት ጊዜ ደግሞ የደሙ የስኳር መጠን ከቁጥጥር ይወጣል። ልብ፣ አስም ወይም ሌላ የቆየ የሳንባ ሕመም ያለበት፣ የኩላሊት ሕመምተኛ፣ በተለይም እጥበት ላይ ያለ፣ ካንሰር የሚታከም፣ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖር፣ እነዚህ ሁሉ በዚሁ ረድፍ ይመደባሉ። ስኳሩንም አስሙንም በመድኃኒት በደንብ የተቆጣጠረ ሰው «እኔ ደኅና ነኝ» ሊል ይችላል፤ ምክሩ ግን ለእርሱም ነው።

ነፍሰ ጡር ሴት በየትኛውም የእርግዝና ወቅት ልትከተብ ትችላለች። በእርግዝና ጊዜ ልብና ሳንባ ተጨማሪ ሥራ ስለሚሸከሙ ኢንፍሉዌንዛ በእርሷ ላይ ይከብዳል። ሌላው ምክንያት ከዚህም ይበልጣል። ክትባቱ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም፤ በሽታው ክፉኛ የሚጎዳው ግን ያንኑ ሕፃን ነው። እናቲቱ ስትከተብ የተፈጠረው ፀረ እንግዳ አካል በእትብት በኩል ወደ ፅንሱ ስለሚሻገር ልጁ የመጀመሪያዎቹን ወራት በእናቱ መከላከያ ይቆያል። በእርግዝና ክትትል ጊዜ ጤና ጣቢያ የሚሰጠው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሌላ መሆኑን ግን ልብ ይሏል፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያሉ ሕፃናትም፣ በተለይ ሌላ ሕመም ካለባቸው፣ ቢከተቡ ይመከራል። ዕድሜው ከዘጠኝ ዓመት በታች የሆነ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተብ ቢያንስ በአራት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ መወጋት ይኖርበታል፤ አንዱን ብቻ ሰጥቶ መተው የተለመደ ስሕተት ነው።

የጤና ባለሙያዎች የሚቀድሙት ለራሳቸው ብቻ ተብሎ አይደለም። ሰው ምልክት ከማሳየቱ አንድ ቀን በፊት ጀምሮ ቫይረሱን ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ ያልታመመ የመሰለች ነርስ በአንድ ጠዋት ብዙ ደካማ ሰው ልታስይዝ ትችላለች። እዚህ ላይ የጽዳት ሠራተኛው፣ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛና በር ላይ የሚፈትሸው ጥበቃም ይቆጠራሉ፤ ታማሚ በቅድሚያ የሚያገኘው እነሱን ነውና። ሐጅ ተጓዦችም የሳዑዲ ዓረቢያ የጤና ሚኒስቴር ይህን ክትባት እንደሚመክር ቢያውቁ መልካም ነው፤ ከግዴታው የማጅራት ገትር ክትባት ጋር ግን መምታታት የለበትም።

መከተብ የሌለበትስ? ከዚህ በፊት በዚሁ ክትባት ወይም በውስጡ ባለ ነገር ምክንያት ትንፋሽ እስከማጠር የደረሰ ከባድ አለርጂ የገጠመው ሰው ሐኪም ሳያማክር አይወጋም። በዕለቱ ከባድ ትኩሳት ያለበት እስኪሻለው ይቆያል። እንቁላል የማይስማማው ሰው አይከተብም ሲባል ቢኖርም፣ ዛሬ የብዙ አገሮች መመሪያ እንዲህ ያለው ሰው እንዲከተብ ይፈቅዳል።

«ተከትቤ ነው የታመምኩት» የሚሉ ሰዎች ይዋሻሉ?

አይዋሹም፤ የሚሉት ግን በሦስት ነገሮች ሊብራራ ይችላል። የተወጋው ክንድ አንድ ሁለት ቀን ያማል፤ ቀለል ያለ ትኩሳትና ድካምም ሊኖር ይችላል፤ ይህ ጥበቃው ካፖርቱን እያጠኑ መሆኑን ያሳያል እንጂ በሽታው አይደለም። ወይም ሰውየው ሁለቱ ሳምንት ሳይሞላ ተይዟል። ወይም የያዘው ከ200ዎቹ የተራ ጉንፋን ቫይረሶች አንዱ ነው። የተገደለ ቫይረስ ተነሥቶ ሰው አያሳምምም።

የክትባቱን ጥቅም አግንኖ መናገርም ተገቢ አይደለም። ዝርያው በደንብ በገጠመበት ዓመት እንኳ በኢንፍሉዌንዛ ታምሞ ሐኪም ቤት የመሄድን ዕድል የሚቀንሰው ከ40 እስከ 60 በመቶ ነው፤ በአረጋውያን ላይ ከዚህም ሊያንስ ይችላል። ተከትቦም የሚታመም ሰው ይኖራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሕመሙ ይቀልለታል፣ ጥበቃው ቢዘገዩም ፊሽካውን ሌባው ከመጀመሪያው ቤት ሳይወጣ ይነፋሉና። ጊለን ባሬ የሚባለው ነርቭን የሚያዝል ከባድ ጉዳት ከክትባቱ ጋር ሊያያዝ የሚችለው ከ1 ሚሊዮን ተከታቢ በአንድ ወይም በሁለት ሰው ላይ ገደማ ነው፤ ራሱ የኢንፍሉዌንዛ ሕመምም ይህንኑ ጉዳት ያስከትላል።

ከከተማው ዳር የሚኖር ሰው የት ያገኘዋል? ሲያገኘውስ ምን ይጠይቅ?

መደበኛ ፕሮግራሙ ውስጥ ስለሌለ በአቅራቢያ ያለ ጤና ጣቢያ ሄዶ «ክተቡኝ» ማለት አያዋጣም፤ በአንዳንድ የግል ሆስፒታሎች፣ ክሊኒኮችና መድኃኒት ቤቶች ግን ይገኛል፤ በክፍያ ነው። ከዳር ተነሥቶ መሐል ከተማ ከመድረስ በፊት ደውሎ መኖሩንና ዋጋውን መጠየቅ የታክሲውንም የጊዜውንም ወጪ ያድናል።

ሲደወል ሊጠየቁ ከሚገባቸው ነገሮች ዋናው የቅዝቃዜው ነገር ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ከሞቀ ይበላሻል፣ በረዶ ከሠራም ይበላሻል፣ መበላሸቱ ደግሞ በዓይን አይታይም። እኔ ራሴ በሠፈራችን አንድ መድኃኒት ቤት ጠይቄ ፋርማሲስቱ ፍሪጁን ሲከፍተው ሳጥኑ ከሁለት የለስላሳ ጠርሙስና ከምሳ ዕቃ አጠገብ ተቀምጦ አየሁ፤ ቴርሞሜትር አልነበረበትም። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ ብጠይቀው «ይመጣል» አለኝ። ምስጋና አቅርቤ ወጣሁ። ፍሪጁ ላይ የሙቀት መለኪያ፣ ከጎኑም በየቀኑ የሚሞላ መዝገብ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተር ያለበት ቤት ይመረጣል። ክትባቱን ገዝቶ በላስቲክ አንጠልጥሎ በሚኒባስ ወደ ቤት መውሰድም ገንዘብን መጣል ነው፤ እዚያው ቢወጉ ይሻላል።

ሁለተኛው የሳጥኑ ጽሑፍ ነው። የወቅቱ ዓመትና የማብቂያ ቀኑ ሊነበብ ይገባል፤ ያለፈው ወቅት ትርፍ በርካሽ ቢሰጥም አይጠቅምም። ኢትዮጵያ ሞቃታማው የምድር ክልል ውስጥ ስለሆነች ቫይረሱ እንደ አውሮፓ የብርዱን ወቅት ብቻ ጠብቆ አይመጣም፤ ዓመቱን ሙሉ ይገኛል፣ በተወሰኑ ወራትም ያይላል። የሰሜኑ ክትባት የሚደርሰው ከመስከረም ወይም ከጥቅምት ጀምሮ ስለሆነ ከብርዱ ወራት በፊት መከተብ ይመቻል፤ ያመለጠው ሰው ግን ጥርም ቢሆን ቢከተብ ይጠቀማል።

ካላገኘሁ ወይም ዋጋው ካልተቻለኝስ?

ታማሚው ቤት ይቆይ፤ ስብሰባው፣ ማኅበሩ፣ ለቅሶው ይቅርበት። ሲያስል በክንዱ ይሸፈን፣ እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ከአረጋውያንና ከሕፃናት ራቅ ይበል፤ ማስክም እንደ ኮቪድ ጊዜው ይሠራል። መስኮቱ ይከፈት። ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ ቫይረስ ላይ ምንም አያደርግም፤ ሐኪም የባክቴሪያ ሕመም መጨመሩን ካረጋገጠ ብቻ ይታዘዛል። ለልጅ ትኩሳት አስፕሪን መስጠት አደገኛ ነው፤ በኢንፍሉዌንዛ ጊዜ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ኦሰልታሚቪር የሚባል ቫይረሱን የሚያዳክም መድኃኒት አለ፤ በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ሲሆን ይበልጥ የሚጠቅመው ምልክቱ በታየ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ስለሆነ ከላይ የተዘረዘሩት ሰዎች ሐኪም ጋ ለመሄድ ሳምንት መጠበቅ የለባቸውም።

ማንም ይሁን ማን ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን ከወጋው፣ ግራ ከተጋባ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ተሽሎት እንደገና ትኩሳቱ ካገረሸበት በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይሂድ። ሕፃን ግን ይህን አይናገርም፤ ስለዚህ ትንፋሹን መቁጠር ያስፈልጋል። ልጁ ዝም ባለበት፣ በማይጠባበትና በማያለቅስበት ጊዜ ልብሱን እስከ ደረቱ ገልጦ፣ የስልኩን ሰዓት ይዞ፣ ሆዱ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ እያሉ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር ነው። ሁለት ወር ላልሞላው 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ከሆነ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አይጠበቅም።